የጋሼ ባዘዘው ስለት

የእህቴ ባል ጋሼ ባዘዘው ላስ ቬጋስ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ አንዲት ሳንቲም ቁማር ያልተጫወተ፣ የቁማር ማሽን ሲታመም ግን የሚያክም ሰው ነው። ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ትልቅ ካዚኖ ውስጥ የስሎት ማሽን ጠጋኝ ነው። ማሽኑ ብር ሲውጥ፣ ስክሪኑ ሲጨልም፣ ወይም አንዲት አሮጊት "ሦስት ሰባት መጥቶልኝ ነበር፣ ካደኝ!" ብላ ስትጮኽ እሱ ይጠራል። ቁልፉን ከወገቡ ይመዛል፣ የማሽኑን ሆድ ይከፍታል፣ ጣቱን አስገብቶ አንዱን ነገር ነካ ያደርጋል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል። አሮጊቷን "ሶሪ ማዳም" ይላታል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለሱ ነው። በአንድ ሺፍት ከአፉ የሚወጣው ቃል ቢቆጠር እኔ ቁርሴን ሳልጨርስ የማወራውን አያህልም።

እኔ ጽጌወይን ነኝ፣ የሚስቱ የወርቅዬ ታናሽ እህት። እኔም የካዚኖ ሰው ነኝ፤ ካርታ አዳይ፣ እዚህ ዲለር የሚሉት። እንጀራዬን የምበላው የሰው እጅ በማየት ነው። ሰው ፊቱን ማሠልጠን ይችላል፣ እጁን ግን አይችልም። ይህን ያህል እጅ አይቻለሁ እያልኩ የምኮራ ሴት፣ እሑድ እሑድ አብሮኝ ምሳ የሚበላውን የጋሼ ባዘዘውን እጅ ሰባት ዓመት ሙሉ አለማወቄ እስካሁን ያናድደኛል። ስለዚህ ታሪኩን የምነግራችሁ በፍቅርም በንዴትም ነው። ፍቅሩ ግን ይበዛል።

አዳኝ ያደረገው ራንዲ የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው፤ ፂሙ ደረቱን የሚነካ፣ ሳቁ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ የሚሰማ ነጭ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የደጋን ቪዲዮ አሳየው። ደጋኑ በሁለቱም ጫፍ መዘውር ያለው፣ እንደ ብስክሌት የተወሳሰበ ነገር ነው። ጋሼ ባዘዘው ማሽን ይወዳል፤ ከማሽኑ በላይ የወደደው ግን ዝምታውን ነው። ቤት መጥቶ "አይጮኽም" አለን፣ ዓይኑ እየበራ። "ቀስቱ ሲወጣ ፍስስ ይላል፣ በቃ።" ወርቅዬ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ብላ ተረተችበት። እሱ ግን ደጋን ገዛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መለማመጃ ቦታ እየሄደ ዓመት ሙሉ የገለባ ዒላማ ወጋ።

ኔቫዳ ውስጥ አጋዘን ማደን በዕጣ ነው። ስምህን ታስገባለህ፣ ከደረሰህ ታግ የሚባል ፈቃድ ይልኩልሃል። መጀመሪያ የደረሰው ጊዜ ወርቅዬ ስልኩን አይታ "ደግሞ ዲቪ ደረሰህ!" ብላ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ባለው አፓርታማቸው ውስጥ የታጉ ስም "የአጋዘን ዲቪ" ነው። በሰባት ዓመት አራቴ ደርሶታል። ያልደረሰው ዓመትም ራንዲን ሊያግዝ ይሄዳል። የደጋኑ ወቅት የሚከፈተው ፍልሰታ ውስጥ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ተራራ ሲወጣ እሱ ሽሮውን እየበላ ይጠብቃል። "በጾም ደም አላፈስም" ይላል። ራንዲ ምክንያቱ ባይገባውም ጓደኛ ነውና አብሮት ይጠብቃል።

የመጀመሪያውን አጋዘን ይዞ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። ወርቅዬ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"ባርከህ አርደኸዋል?"

"ቀስት መታው፣ ወደቀ።"

"ስትደርስ ነፍስ ነበረው?"

"አልነበረውም።"

"እንግዲያው በክት ነው። ፍሪጄ ውስጥ አይገባም።"

ደጋን የያዘ ሰው አጋዘኑን ወግቶ ወዲያው አይሮጥም፤ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ የቆሰለው አውሬ ደንብሮ ይጠፋል። የእኛ ሃይማኖት ደግሞ ከብቱ በሕይወት እያለ "በስመ አብ" ተብሎ እንዲታረድ ይፈልጋል። ጋሼ ባዘዘው በራንዲ ደንብና በወርቅዬ ደንብ መካከል ተይዞ ሦስት አጋዘን ለራንዲ አስረከበ። ራንዲ የበላውን ሥጋ ስናስብ ሁላችንንም ያንገበግበናል። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠም። ምላጭ የመሰለ ቢላ ገዝቶ፣ አንድ ቀን ነፍሱ ሳትወጣ እደርስበታለሁ እያለ በወገቡ ይዞ ይዞራል።

አሁን ወደ ሽጉጡ ልምጣ። ራንዲ እቤት ለምሳ ተጋብዞ ሳለ በዚያ ተራራ ማውንቴን ላየን እንዳለ ነገረን። ይህ ላየን ጎፈር የሌለው፣ ነብር የሚያህል፣ ከሰው የሚሸሽ ድመት ነው። ወርቅዬ የሰማችው ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ ላየን።

"አንበሳ ያለበት ጫካ በቀስት? አብደሃል?" አለችው። "ሽጉጥ ሳትይዝ አትሄድም!"

ልጃቸው ናኦሚ ያን ጊዜ ኮሌጅ ነበረች፤ አሁን ሰመርሊን የሚባል ሰፈር ቢሮ ነው የምትሠራው። "ማሚ፣ ኖ። ዳዲ ገን ከያዘ ለሱ ሞር ዴንጀረስ ነው። ጥቁር ሰው ነው እኮ፣ ሰዎች ይፈራሉ" አለች። ልጅቷ እውነቷን ነበር። ራንዲ ደግሞ በደጋን የሚያድን ሰው ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ መያዝ እንደሚፈቀድለት፣ አጋዘኑን በሽጉጥ ከመታ ግን ፈቃዱን እንደሚቀማ አስረዳ። ወርቅዬ ከራንዲ ንግግር "ይፈቀዳል" የሚለውን ብቻ ቆርጣ አስቀረች።

ጋሼ ባዘዘው ሳህኑን እያየ "ስለት አለኝ" አላት።

"በስለት አንበሳ ልትመክት ነው? ቢላህን ለሽንኩርት አድርገው!"

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ትንሽ ፈገግ ብሎ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። በሳምንቱ ወርቅዬ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ካለ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ወስዳ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛችለት፣ ከነአፎቱ፣ ከነአንድ ፓኬት ጥይቱ። እሷ ብረት ነክታ አታውቅም። ግን በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ አፎቱን በቀበቶው ላይ የምታስርለት እሷ ናት። ጥይቱን ቦርሳው ኪስ ውስጥ ትከታለች፣ ደጋግማ ትነካካዋለች፣ በሩ ድረስ ትሸኘዋለች። ከዚያ ገብታ እንቅልፏን ትለጥጣለች። "ሽጉጡን ይዟል፣ ምን ያስፈራኛል" ትለኝ ነበር።

ዘንድሮ አራተኛው ታግ ደረሰው። ራንዲ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ስለነበር መሄድ አልቻለም። ናኦሚ ከቤት ከወጣች ወዲህ ጸጥታው የከበዳት ወርቅዬ "ብቻህንማ አትሄድም፣ እኔና ጽጌ እንመጣለን" አለች። እኔን ማን ጠየቀኝ? ምንጣፍና ኤሲ የለመደ ሰውነቴን ይዤ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ነድተን፣ ከዚያም አንድ ሰዓት በኮረኮንች ተንገጫግጨን ተራራው ሥር ደረስን። ጥድ የሞላበት ቦታ ነው፤ ከድንኳናችን በታች አንዲት ምንጭ ትፈሳለች። ጋሼ ባዘዘው ድንኳን ሲተክል፣ ምድጃ ሲያበጅ፣ ውሃ ሲቀዳ አየሁት። በሃያ ሁለት ዓመት ከሰማሁት በላይ በዚያ ምሽት አወራልን። "ይቺን ወፍ ስሟን አላውቃትም፣ ግን ሁልጊዜ መጥታ ዳቦዬን ትሰርቀኛለች" አለን ደስ ብሎት። እህቴ በካምፕ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሙሽራዋን እንደምታይ ታየዋለች። እኔም እንዲህ ዓይነት ባል ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ፣ እውነቴን ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደጋኑን ይዞ ወጣ። አራት ሰዓት ገደማ ላይ እየሮጠ ተመለሰ። ጀርባው ላይ ሥጋ ተሸክሟል፣ እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው፣ ጥርሱ በሙሉ ይታያል።

"ወርቄ! ነፍስ ነበረው! በስመ አብ ብዬ አረድኩት!"

ወርቅዬ እልልታዋን ስትለቀው ከጥዶቹ ላይ ወፍ ሁሉ ተነሣ። ሰባት ዓመት የተጠበቀ ሥጋ ነው። ሁለቱን ወርች፣ ጎድኑንና ሽንጡን አምጥቶ በጨርቅ ሸፍኖ ጥላ ላይ ሰቀለ። ሁለቱ ታፋና ራሱ ግን ገና ተራራው ላይ ናቸው። ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ፀሐዩ ደግሞ መክረር ጀምሯል። ካልፈጠነ ይበላሻል። ውሃ ጠጥቶ ቦርሳውን ሊያነግት ሲል እህቴ እጇን ልትታጠብ ወደ ምንጩ ወርዳ ነበርና ከዚያ ጮኸች።

ጭቃው ላይ የመዳፍ ዱካ ነበር። የሻይ ሳህን ያህላል፣ ጥፍር አይታይበትም። ጋሼ ባዘዘው ቁጢጥ ብሎ አየውና "ትናንት ያለፈ ነው። ሰው ካለ አይመጣም" አለ።

"ሥጋ ካለስ?" አለች ወርቅዬ።

ጋሼ ባዘዘው የተሰቀለውን ሥጋ ቀና ብሎ አየ።

"እሺ፣ አንተ ሂድ። ያ ሥጋ እንዳይበላሽ። ሽጉጡን ትተህልን ሂድ።"

እጁ ወደ አፎቱ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ። እኔ ያችን እጅ አየሁ። ጠረጴዛዬ ላይ እንዲህ የቆመ እጅ ካየሁ ሱፐርቫይዘር እጠራለሁ።

"መኪና ውስጥ ገብታችሁ ጠብቁኝ" አለ።

"ሥጋውንስ ለላየን ልተውለት? ባርከህ ያረድከውን? ሽጉጡን አምጣ!"

ሽጉጡ ባዶ እንደሆነ ያን ጊዜ አናውቅም፤ እንዲሁ ሰጥቷት ቢሄድ ማንም አያውቅበትም ነበር። ዱካውን አየ፣ እኛን አየ።

"ወርቄ፣ ጥይት የለውም።"

"እኔ ራሴ ከትቼልሃለሁ እኮ!"

"መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ነው።"

"ታዲያ አምጥተህ አጉርሰው።"

"ጎርሶ አያውቅም" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ከገዛሽልኝ ጀምሮ።"

እህቴ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

"ሰባት ዓመት?"

አዎ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"እኔ እኮ በሱ ነው የምተኛው! አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ፣ 'ሽጉጥ ይዟል' እያልኩ። ባዶ ብረት ነው ያስተኛኸኝ ባዘዘው?"

"ስለት አለኝ ብዬሽ ነበር።"

"ቢላህን ነው ያልከኝ!"

"ቢላ አላልኩም።"

አሁን ገባኝና ደሜ ፈላ። ለገብርኤል የተሳሉትም ስለት ነው፣ የቢላ ስለትም ስለት ነው። "ስለት አለብኝ" ቢል ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይገባን ነበር። እሱ ግን መርጦ "አለኝ" አለ፤ አልዋሸም፣ እውነቱንም አልተናገረም። "ጋሼ፣ የጎጃም ሰው ቅኔውን ቤተ ክርስቲያን ቢተወው ምናለ!" አልኩት። እህቴ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ።

"ምን ብለህ ነው የተሳልከው? ንገረኝ።"

ነገራት። እኔ በአጭሩ ልበለው፣ እሱም በአጭሩ ነው የነገረን። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ቡሬ አሥራ አንደኛ ክፍል። ለውትድርና ከትምህርት ቤት አፈሱት፣ ጥቂት ሳምንት አሠለጠኑት፣ ጠመንጃ ሰጥተው አንድ ወንዝ ዳር አስቀመጡት። አንድ ጠዋት ጉም ወንዙን ሸፍኖት ሳለ ከማዶ የሚንቀሳቀስ ነገር አየ። "ቁም" አለ፣ አልቆመም። ተኮሰ። ጥቁሩ ነገር ወደቀ። አለቃው ጉሙ እስኪገለጥ ንቅንቅ እንዳይል አዘዘው። ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም። በሆዱ ተኝቶ፣ "ጊዮርጊስ ሆይ፣ ያ የወደቀው ሰው ካልሆነ፣ ሁለተኛ በእጄ መሣሪያ አላጎርስም" ብሎ ተሳለ። ጉሙ ሲገለጥ አህያ ነው። አጠገቡ አንዲት ሴትዮ፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣች፣ እንስራዋን አቅፋ ቆማለች። አህያዋ በዚህ በኩል ባትሆን ኖሮ ጥይቱ የሷ ነበር። ሴትዮዋ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችውም። ዝም ብላ አየችው፣ ብዙ አየችው። ከወር በኋላ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እሱም በእግሩ ቡሬ ገባ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ አትተኚም። ወይ እዚህ እንዳልመጣ ትከለክዪኛለሽ።" ወደ ጥዶቹ አየ። "እዚህ ስመጣ ነው እኔ ደህና የምሆነው፣ ወርቄ። ዝም ይላል፣ ሁሉ ነገር።"

እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ" አለችው።

"አልዋሽሽም።"

"እሺ። አሁን ያ ስለት ምን ይላል? ቃሉን ድገመው።"

"በእጄ አላጎርስም።"

"በማን እጅ?"

"በእጄ።"

"በእኔ እጅስ ይላል?"

እህቴ ጠበቃ ብትሆን ይህች ከተማ ፍርድ ቤት አይበቃትም ነበር። ወርቅዬ ሄዳ ከዳሽቦርዱ ፓኬቱን አመጣች፣ ሽጉጡን ከአፎቱ ራሷ አወጣች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "አንተ እንዳትነካ። በአፍህ ንገረኝ።"

"በአፍስ ማጉረስ አይሆንም?"

"እሱን ለቄሱ ትጠይቃለህ። ንገረኝ!"

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነገራት። አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ጣትሽን ከቃታው አርቂ፣ ይቺን ግፊ፣ ስድስት ቀዳዳ ያለውን ክብ ብረት ወደ ጎን አውጪው። ጥይቶቹ ላብ ካረጠበው ጣቷ እያመለጡ ሁለቴ አፈር ላይ ወደቁ። ቢያነሣላት ስለቱ ይፈርሳል ብሎ ይሁን እንጃ፣ እያየ ቆመ። አንድ ባንድ ስድስቱንም አጎረሰች። እህቴ በሕይወቷ ሰው እንጂ ብረት አጉርሳ አታውቅም፤ ሲዘጋ ቀጭ ሲል ደነገጠች። ጋሼ ባዘዘው "ካልደረሰባችሁ እንዳታነሺው" ብሎ ቦርሳውን አንግቶ በምሥራቅ በኩል ባለው መንገድ ወጣ።

ተቀመጥን። መጀመሪያ አወራን፣ ከዚያ ወሬው አለቀብን። ሽጉጡን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዓይኗ ከጥዶቹ አልነቀል አለ። ዝንብ ሲጮኽ ትዞራለች፣ ቅርፊት ሲወድቅ ትዞራለች። "ባዶ ሳለ እንዲህ አልከበደኝም" አለችኝ። "አሁን ሁሉ ነገር ላየን መሰለኝ።" አስቀምጪውና መኪና ውስጥ እንግባ አልኳት፤ "ሥጋውንስ?" አለችኝ። ሥጋው ይጥፋ ማለት ነበረብኝ። እኔም ሥጋው አጓጉቶኝ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከምንጩ በኩል ቅርንጫፍ ተሰበረ። እሱ የሄደው በምሥራቅ ነው፤ ከምንጩ በኩል የሚመጣ ሰው አልጠበቅንም። ጥዶቹ ተንቀሳቀሱ። በቅጠሉ መካከል ቡናማ ነገር አየን፣ ፀጉር ያለው፣ ከፍ ያለ፣ ወደ እኛ የሚመጣ። እህቴ ተነሥታ ቆመች። ሽጉጡ በሁለት እጇ ፊቷ ተዘርግቷል። ጣቷን አየሁ፤ አርቂው ከተባለበት ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

"ማነው?" አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

መልስ የለም። የሚንኮሻኮሽ እርምጃ ብቻ። ከቅጠሉ በላይ ቀንድ ወጣ።

አንበሳ ቀንድ የለውም። ይህን እኔ አላሰብኩትም፣ እህቴም አሰብኩት አትልም። የሆነው እንዲህ ነው፤ ጣቷ ሳይስብ ቆየ፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ ቅጠሉ ተገለጠ። ጋሼ ባዘዘው ነው። ታፋዎቹን ከነቆዳቸው አዝሏል፣ የአጋዘኑ ራስ ከነቀንዱ ትከሻው ላይ ታስሯል። ጥላ ስለሆነ፣ ሥጋው እንዳይሞቅ ብሎ፣ በምንጩ ዞሮ ነው የመጣው። ጭነቱ ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ነበርና ጥሪዋን አልሰማም። ቀና ሲል አፈሙዙን አየ።

አልሸሸም፣ አልጮኸም። "ወርቄ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ። ወደ መሬት አድርጊው።"

ክንዷ ወረደ። አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ሽጉጡን ከራሷ አርቃ እንደ እባብ ይዛው ነበር።

"አውጣልኝ" አለችው። "አውጣልኝ፣ አውጣልኝ።"

ሸክሙን ጥሎ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። "ማውጣት ስለቱ ውስጥ የለም" አለና ተቀበላት። ያኔ ነው እጁን ያየሁት። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ ብረቱን አላየውም። አውራ ጣቱ ገፋ፣ ክቡ ብረት ወጣ፣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ቀና፣ ስድስቱም መዳፉ ላይ ተዘረገፉ፣ ተዘጋ። እኔ ካርታ የማድለው እንዲህ ነው፣ ሃያ ዓመት ሠርቼ። ይህ እጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጾሞ አንድም ነገር አልረሳም። ወርቅዬም አየችው። ሰባት ዓመት የዋሻት ሰው ሳይሆን፣ በየቀኑ ከራሱ እጅ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው ያየችው። ጥይቱን ከመዳፉ አራግፋ ሁለቱንም እጁን ያዘችና ፊቷን ቀበረችበት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ቀና ብላ "ብተኩስብህ ኖሮስ?" አለችው።

"ኧረ ትስቺኝ ነበር" አለ፣ እየሳቀ። "ይኼ ሽጉጥ ከዚያ ድረስ አይመታም።"

እሱ ቆሞበት ከነበረው ጥድ እስከ ወንበሯ ያለውን እኔ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አልዋሽሽም ብሎ ቃል ከገባላት ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላውም። እህቴ ሽጉጥ አታውቅም፣ ባሏን ግን ታውቃለች። ብዙ አየችው።

"አዎ" አለችው፣ እጁን ሳትለቅ። "እስትህ ነበር።"